አክሱምን ወደ ጨዋታው ለመመለስ፦ አራተኛ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

ሦስተኛውን ጥሪ በመስከረም ስናወጣ የመጨረሻችን ነው ብለን ነበርና በቅድሚያ ይቅርታ እንጠይቃለን። አክሱምን በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ለማስገባት ሠርተነው የጠፋብንን መልሶ ለመሥራት ያስፈልገናል ያልነው 350,000 ብር ነበር። እስከ ኅዳር አጋማሽ የገባው 61,300 ብር ነው። የባንክ ሒሳቡ ቁጥር ከዚህ ጽሑፍ ጋር በተያያዘው ምስል ላይ በትልቁ ተጽፏል። እስከ መጨረሻው ለማንበብ ጊዜ የሌላችሁ ምስሉን ብቻ ብታዩልን አንቀየምም።

የደረሰብንን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ሲመለስ ከልክ ያለፈ ኃይል ይዞ መጣ። የሕንፃ ሞዴሎቻችን ሁሉ የነበሩበት ኮምፒውተር ከጠረጴዛው ሥር ጧ አለና ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልለን ጥገና ቤት ለጥገና ቤት ዞርን። ከ14ቱ የአክሱም ሕንፃዎች የተረፉት መኖሪያ ቤቱ፣ ጎተራውና የመርከብ ማረፊያው ብቻ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ የለም። ሐውልቱም የለም። በሌላ ቦታ የነበረው ቅጂ የስምንት ወር አሮጌ ነበር፤ በውስጡ ያገኘነውም የመጀመሪያዎቹን ሻካራ ንድፎች ብቻ ነው።

ይህ የደረሰው ሌላውን ችግር ገና ሳንጨርስ ነው። ዜሮ ኤ.ዲ. የተባለው የጥንት ዘመን የጦርነትና የግዛት ጨዋታ እንደምታውቁት በነፃ የሚታደል፣ ኮዱም ለማንም ክፍት የሆነ ነው። የእኛ ሞድ፣ ማለትም አክሱምን በጨዋታው ላይ የሚጨምረው ክፍል፣ የተሠራው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ለወጣው 26ኛው እትም ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. 27ኛው ሲወጣ ሞዱ አልከፈትም አለ። እያንዳንዱ ሞድ ከየትኛው እትም ጋር እንደሚሠራ የሚናገር አንድ አጭር ፋይል አለው። «ቁጥሩን ለውጡና ገላገሉን» ብላችሁ የጻፋችሁልን ነበራችሁ። ለወጥነው። ጨዋታው ተከፈተ፤ ከዚያ ቀይ የስህተት መስመር ከላይ እስከ ታች ማያውን ሞላው። እያንዳንዱ ወታደር፣ እያንዳንዱ ቤትና እያንዳንዱ በግ የራሱ የመግለጫ ፋይል አለው፤ እነዚህን አንድ በአንድ ከአዲሱ እትም ጋር ማስማማት የወራት ሥራ ነው። ግማሹን አስማምተን ነበር መብራቱ የመጣብን።

ባለፈው ዓመት የሰጣችሁን ገንዘብ የት ገባ የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ስለሚነሣ አንዴ በግልጽ እንናገር። የተሰበሰበው 184,600 ብር ነው። ከዚህ 92,000 ብር ኮምፒውተር ተገዛበት፤ 54,000 ብር ሕንፃዎቹን ለቀረጸው ባለሙያ ተከፈለ፤ 21,400 ብር ሁለት አባላት አክሱም ደርሰው ፎቶ ላነሡበትና ለለኩበት ጉዞ ወጣ፤ 8,750 ብር ለድምፅ ቀረጻ፣ 4,100 ብር ለዲስክ ሆነ። በሒሳቡ የቀረው 4,350 ብር ነው። ደረሰኞቹ በሙሉ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አሉ። ብዙ የተባለለት የ340 ብር ቡናም ከዚህ ውስጥ የለም፤ ገንዘብ ያዣችን ከኪሱ መልሶታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስብሰባ ላይ ውኃ ብቻ ነው የሚጠጣው።

«ለአንድ ኮምፒውተር 92,000 ብር!» ያላችሁንም አንረሳም። የኃይል መጠባበቂያ መሣሪያ ያልገዛነው በዚያ ወቀሳ ምክንያት ነው። ዋጋው ያኔ 9,000 ብር ነበር። ለብረት ሣጥን ይህን ያህል አወጡ እንዳትሉን ፈርተን ተውነው፤ ሁለተኛ ዲስክ የመግዛቱንም ነገር ለሌላ ጊዜ አሳደርነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እናንተ ላይ አናላክክም። ግን ለሚታይ ነገር ብቻ እንጂ ለማይታይ ነገር ገንዘብ አይወጣም የሚል መንፈስ መካከላችን ስላለ፣ ዘንድሮ ከምንጠይቀው ውስጥ 12,000 ብሩ ለዚያው ለብረት ሣጥን፣ 11,000 ብሩ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ለሚቀመጡ ዲስኮች እንደሆነ ፊት ለፊት እንናገራለን። የቀረው 85,000 ብር ለተቃጠሉት የኮምፒውተሩ ክፍሎች፣ 150,000 ብር ሕንፃዎቹን እንደገና ለመቅረጽ፣ 60,000 ብር ፋይሎቹን ከአዲሱ እትም ጋር ለማስማማት፣ 32,000 ብር ለቀይ ባሕር ካርታ ነው።

ተሠርቶ የነበረውን ላላያችሁ ትንሽ እንንገራችሁ። የአክሱም ግንብ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ የሚሠራ ነው፤ የእንጨቶቹ ጫፍ ከግድግዳው ወጣ ወጣ ብሎ ይታያል፤ የዝንጀሮ ራስ የሚባለው እሱ ነው። አክሱም በሚገኘው በዱንጉር ፍርስራሽ ድንጋዩ አለ፣ እንጨቱ የለም። ስለዚህ ባለሙያችን የደብረ ዳሞንና የይምርሐነ ክርስቶስን አብያተ ክርስቲያናት ፎቶ ፊቱ ሰቅሎ ከዘመናት በኋላ ከተሠራው ወደ ቀደመው እየተመለሰ ነው የቀረጸው። አንዱን የዝንጀሮ ራስ ሠርቶ ሌላውን ገልብጦ መለጠፍ ይችል ነበር፤ በእጅ የተጠረበ እንጨት አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም ብሎ ለየብቻ ሠራቸው። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ ሲያይ ልዩነቱ አይታየውም ብንለው «እኔን ይታየኛል» አለን።

ሐውልቱም አከራክሮናል። ትልቁ 33 ሜትር ነው፤ 13 ፎቅ ያለው ቤት መስሎ የተቀረጸ፤ በጨዋታው ውስጥ እንደ ድንቅ ሕንፃ ቢቆም ማን ይጠላል? ነገር ግን ሊቃውንቱ ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ እንዳልቀረ ይናገራሉ። ቆሞ ያልኖረን ሐውልት አቁሞ ማሳየት ውሸት ነው በሚል ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የተተከለውን ባለ 24 ሜትሩን መረጥን። ድምፅ ተሰጥቶ በአንድ ልዩነት ነው ያለፈው፤ ጸሐፊያችን እስካሁን አልተዋጠለትም።

በዚህ ጨዋታ ሮማዊው ወታደር በላቲን፣ ግሪኩ በግሪክ እንደሚመልስ ታውቃላችሁ። የእኛዎቹ በግዕዝ ነው የሚናገሩት። ስትነካው «ነየ» ይላል፤ ስታዝዘው «ኦሆ»፤ ሂድ ስትለው «አሐውር»። ድምፁን የሰጡን አንድ መሪጌታ ናቸው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ የጎረቤት ዶሮ እስኪተኛ ጠብቀን ሌሊት ቀረጽናቸው። በመጀመሪያ «ግዕዝን ለጦር ጨዋታ?» ብለው ተቆጥተው ነበር፤ የዒዛና ጦር በምን ቋንቋ የሚታዘዝ ይመስልዎታል ስንላቸው ሣቁና «አሐውር»ን ሰባት ጊዜ ደገሙልን። ድምፁ በስልክ ላይ ቅጂ ስለነበረው ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቀጣዩ ዕቅድም በዚህ ላይ የሚቆም ነው። በጨዋታው ውስጥ በዛሬዋ ሱዳን መርዌን ማዕከል ያደረጉት ኩሻውያን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አሉ። ዒዛና ደግሞ በግዕዝ ባስቀረጸው ጽሑፍ ኖባን ለ23 ቀን እንዳሳደደና ካሱ ማለትም ኩሽ ድረስ እንደዘመተ ይናገራል። ባላጋራው ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ዘማቹ የለም ማለት ነው። ከአዱሊስ ወደብ የሚነሣው የቀይ ባሕር ካርታ ቀጥሎ ይመጣል፤ የዝሆን ጥርሱ ንግድ፣ ከዚያም የንጉሥ ካሌብ የሒምያር (የየመን) ዘመቻ። የዒዛና ሳንቲም ላይ ቀድሞ ጨረቃ፣ በኋላ መስቀል እንደነበረ ሁሉ ከተማው ወደ መጨረሻው ደረጃ ሲያድግ ዓርማው እንዲለወጥ ወስነናል። ይህን ሐሳብ ያመጣው ሙስሊም አባላችን ነው። እሱ ራሱ ሶሓቦችን የተቀበለው ንጉሥም ይግባ ይላል፤ ዘመኑ ከጨዋታው ውጪ ነው ብለን በየስብሰባው እንከራከረዋለን፤ አይሰለቸውም።

ጨዋታ ነው ወይ? አዎ፣ ጨዋታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እያሠራን ነው ብለን አናውቅም። በነፃ ለሚታደል ነገር ለምን እንከፍላለን ለምትሉ ግን፣ የጨዋታው ባለቤቶችም በ2001 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሌላ ጨዋታ ላይ ሞድ ለመሥራት አስበው ነው የጀመሩት። በ2013 ደግሞ 160,000 ዶላር ለማሰባሰብ ወጥተው 33,000 ገደማ ነው ያገኙት። አልተበተኑም። የእኛ ሥራም እንደ እነሱ ለማንም ክፍት ነው፤ ነገ ኮሚቴው ቢሰለቸው ሌላ ወጣት ካቆምንበት ያነሣዋል። ይህ የሚሆነው ግን ፋይሉ በሕይወት ካለ ነው።

አንድ የሚከብድ ነገር እንናገር። በሰኔው ስብሰባ 47 ሰዎች እጃቸውን አውጥተው ቃል ገብተዋል። የከፈሉት 19 ናቸው። ኑሮው እንዴት እንደሆነ እኛም እንኖረዋለን፤ ስም አንጠራም። ቃል የእምነት ዕዳ ነውና ሙሉውን ያልቻላችሁ ሩቡን ላኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ባለፉት ሦስት ጥሪዎች ስለጻፍነው ዘንድሮ አንደግመውም። ከሁሉ በላይ የምታሳፍረን ከሪያድ በየወሩ ሳታቋርጥ የምትልክልን እህታችን ናት፤ ጨዋታውን ተጫውታው አታውቅም።

የሕንፃ ባለሙያው የጠበቀን እስከ ጥር ማብቂያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ይዟል። የጎደለን 288,700 ብር ነው።

ስለ አከፋፈሉ አሁንም እንድገም። ሒሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሦስት አባላት የጣምራ ፊርማ የተከፈተ ነው። ቁጥሩ ያለው በተያያዘው ምስል ላይ ብቻ ነው። በምክንያት ቦታ «አክሱም» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ሳትጽፉ የላካችሁትን 2,500 ብር የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። በውጭ ያላችሁ በዚያው ሒሳብ በባንክ ማስተላለፍ ትችላላችሁ። በቴሌብር የምትልኩም ከምስሉ ግርጌ ያለውን ቁጥር ተጠቀሙ። በጥቅምት በእኛ ስም ሌላ ቁጥር ሲዞር ነበር፤ የእኛ አይደለም። ከመላካችሁ በፊት የሚመጣላችሁን ስም እዩ፤ የሦስቱ ስም ካልሆነ አትላኩ። ከላካችሁ በኋላ ማረጋገጫውን ለገንዘብ ያዣችን አድርሱት፤ ማታም ቢሆን ይመልስላችኋል።