የመንገዱን ፎቶዎች እንዳትጥላቸው

ወዳጄ፣

እንደምን ከረምክ? ይሄን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት በደብዳቤ ብቅ ስል «ይሄ ሰውዬ አለ እንዴ?» እንደምትል አውቃለሁ። አለሁ። ወቀሳህን ስንገናኝ በደንብ ታወርድብኛለህ። አሁን ግን የቸኮልኩበት ጉዳይ አለኝ።

እህትህ እንደነገረችኝ የአባትህን ቤት ልታስረክቡ ዕቃ እያወጣችሁ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ካሜራቸውን አንግተው ሲወጡ አሁንም ይታየኛል። ሳጥን ሙሉ ፎቶና ኔጌቲቭ ተገኝቷል አሉ። አንተም የዘመድ አዝማዱን ለይተህ «ይሄ ሁሉ የመንገድና የሱቅ ፎቶ ለማን ይሆናል?» ብለሃል። እባክህ እጅህን ሰብስብ። እኔን ከጠየቅከኝ የሳጥኑ ትልቁ ሀብት እሱ ነው። የሠርጉን ፎቶ የሚፈልገው ቤተሰብ ነው። የመንገዱን ፎቶ ግን በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ ይፈልገዋል።

ለምን እንደምል ላስረዳህ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልህ፣ እንዳይምታታብህ።)

በ1838 ዳጌር የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ ከፎቅ ላይ ሆኖ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሳ። ጎዳናው ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ነበር። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። የዚያን ጊዜ ካሜራ አንድ ምስል ለመያዝ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ሳይመዘገብ አለፈ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እግሩን አንስቶ ጫማውን ሊስትሮ የሚያስጠርግ ሰው። ቀጥ ብሎ ስለቆመ ተያዘ። ሊስትሮው ራሱ ደብዘዝ ብሎ ነው የሚታየው፤ እጁ ሥራ ላይ ነዋ! ፎቶ ላይ የታየ የመጀመሪያው ሰው ይሄ ነው ይባላል። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዳጌር ያነሳው ጎዳናውን ነበር። ዛሬ ፎቶውን የሚያይ ሁሉ ግን ዓይኑ የሚፈልገው ያንን ባለጫማ ነው።

የአባትህም ፎቶዎች እንደዚያ ናቸው። እህትህ አንዱን በቴሌግራም ልካልኝ ነበር። መሀሉ ላይ ትልቅ ሕንፃ ተገትሯል፤ እሳቸው ሊያነሱ የፈለጉት እሱን ነው። እኔን የያዘኝ የቀኝ ጠርዙ ነው። ግማሽ በሩ ብቻ የገባ የልብስ ሰፊ ቤት አለ። የስፌት መኪናው በረንዳ ላይ ወጥቷል። ሰፊው የለም። ሜትሩ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ያላለቀ ሱሪ መኪናው ላይ ተኝቷል። ከበሩ በላይ በእጅ የተጻፈ ታፔላ አለ፤ ጸሐፊው ቦታ ስላነሰው የመጨረሻዎቹን ፊደሎች አጠጋግቶ አጭቋቸዋል። ሕንፃውን ፖስትካርድ ላይም ታገኘዋለህ። ያንን ታፔላ ግን ሌላ ማን አነሳው?

ከተማ ሊፈርስ ሲል ፎቶ ማስነሳት የቆየ ነገር ነው። የፓሪስ ጠባብ ሰፈሮች ፈርሰው ሰፋፊ ጎዳናዎች ሲወጡ፣ ከተማዋ ሻርል ማርቪል የሚባል ባለሙያ መድባ የሚፈርሱትን መንገዶች ከ400 በላይ ፎቶ አስነሳች። ግላስጎው ውስጥም ከ1868 እስከ 1871 ቶማስ አናን የድሆቹን ጨለማ መተላለፊያዎች አነሳ። ሁለቱንም ያሰማራቸው አፍራሹ ወገን መሆኑ ሁሌም ይገርመኛል። ለንደን ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በ1875 ኦክስፎርድ አርምስ የተባለ ጥንታዊ የእንግዳ ማረፊያ ሊፈርስ ሲል ተቆርቋሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። እስከ 1886 ድረስ 120 የአሮጌ ሕንፃ ፎቶ አወጡ። ማረፊያውን አላዳኑትም። ዛሬ ምን ይመስል እንደነበር የምናውቀው ግን በእነሱ ነው።

ከሁሉ የማስበልጠው አትዤን ነው። ኤዠን አትዤ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ1927 እስኪሞት ድረስ ከባድ ካሜራና እንደ ፊልም የሚያገለግል የመስታወት ሳህን ተሸክሞ ፓሪስን ዞረ። ሱቅ፣ በር፣ ግቢ፣ ደረጃ፣ የመንገድ ነጋዴ፣ ምንም አይንቅም። ራሱን አርቲስት ነኝ አላለም፤ ለሠዓሊዎች ሰነድ አቀርባለሁ ነው ያለው። ለእነሱና ለሙዚየሞች እየሸጠ ኖረ። የሱቅ መስኮት ያነሳባቸውን ፈልገህ እያቸው። ከመስታወቱ ጀርባ ሙሉ ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች ቆመዋል፣ በመስታወቱ ላይ ደግሞ የማዶው ሕንፃ ያንጸባርቃል። ሱቁም መንገዱም በአንድ ፎቶ ገቡ። እሱ ሲሞት እጁ ላይ የቀረውን ብዙ ሺህ ፎቶና ኔጌቲቭ ቤሬኒስ አቦት የምትባል ወጣት አሜሪካዊት ፎቶ አንሺ ገዝታ አተረፈችው። በ1968 ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከእሷ ገዛው። በአባትህ ነገር አቦት አንተ ነህ ማለት ነው። መግዛት እንኳ አይጠበቅብህም፤ አለመጣል ብቻ።

«የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ አልተጻፈበትም» እንዳትለኝ። አጉሊ መነጽር ያዝና ቁጭ በል። ታፔላ፣ የመኪና ታርጋ፣ የመብራት ምሰሶ፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ፍንጭ ነው። የዛፍ ቁመት እንኳ ከሁለት ፎቶ የትኛው እንደሚቀድም ይነግርሃል። ጥላው ደግሞ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ያሳብቃል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከጎዳና ባቡር ፊት ሆነው የቀረጹት አንድ የድሮ ፊልም አለ። ለብዙ ዘመን የ1905 ነው ሲባል ኖረ። በኋላ አንድ ተመራማሪ ፊልሙ ላይ የሚታየውን ታርጋ ከመዝገብ ፈለገ፤ መንገዱ ላይ ያቆረውን ውሃ ደግሞ ከዚያን ጊዜ የአየር ሁኔታ ዘገባ ጋር አስተያየ። የተቀረጸው በ1906፣ ከተማዋን ያወደማት የመሬት መንቀጥቀጥ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ያቆረ ውሃ ቀን አወጣ፣ በለኝ!

የሚያሳስት ነገርም አለ። አባትህ ከእሳቸው በፊት የተነሱ ፎቶዎችንም ይሰበስቡ ስለነበር ልብ በል። በጣም የድሮዎቹ ሳህኖች የሚያዩት በአብዛኛው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሰማዩ ነጭ ይሆናል፣ ቀይ ነገር ይጠቁራል። ጥቁር የመሰለህ በር ቀይ ሊሆን ይችላል። ኔጌቲቭ ተገልብጦ ከታተመ ደግሞ ግራና ቀኝ ይለዋወጣል። ታፔላ ካለ ፊደሉ ወዲያው ያጋልጠዋል። ከሌለ የወንዶቹን ኮት እይ፤ ግራው በቀኙ ላይ መደረብ አለበት። ባለቀለም ፖስትካርድን ደግሞ ጨርሶ አትመነው። ቀለሙን የቀባው ሰው ከተማዋን ረግጧት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ከፎቶው ላይ የመብራት ሽቦ ያጠፉ፣ ደመና የጨመሩ፣ ሰው ቆርጠው የለጠፉም ሞልተዋል። የዛሬዎቹ ቀለም ቀቢ አፖች እኮ የዚያው ልጆች ናቸው። እህትህ አንዱን ፎቶ አስቀብታ ልካልኝ ነበር፣ የልብስ ሰፊውን ግድግዳ ሮዝ አድርጎት አረፈ። ለጨዋታ ይሁን። ኦርጅናሉ ላይ ግን ማንም እንዳይደርስ።

አሁን ወደ ሥራው። ፎቶዎቹን ከየፖስታቸው አውጥተህ አትቀላቅል። አብረው የተቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ አብረው የተነሱ ናቸው፣ አንዱ ከታወቀ ሌላውም ይታወቃል። ፖስታው ላይ የተጫረ ነገር ካለ ፖስታውንም አስቀምጥ። ፎቶን በጠርዙ ብቻ ያዝ። መጻፍ ካለብህ በለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫን። እስክሪብቶ አይነካውም። ስኮችና ላስቲክ አታሳየው፤ የተቀደደ ካለ ሁለቱን ቁራጭ አንድ ፖስታ ውስጥ አድርግና ተወው። የመስታወት ኔጌቲቭ ካጋጠመህ አንዱን ባንዱ ላይ አትከምር፣ በረጅም ጎኑ አቁመው።

ኔጌቲቮቹን አሽትታቸው፣ አትሳቅብኝ። አቼቶ አቼቶ የሚሸት ፊልም መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። እሱን ከሌሎቹ ለይና መጀመሪያ እሱን ስካን እናድርግ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት ከተሠሩት ውስጥ ደግሞ ናይትሬት የሚባል፣ እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል ዓይነት አለ። ጠርዙ ላይ በላቲን ፊደል «ሴፍቲ» የሚል ካየህ እሱ አይደለም። ከተጠራጠርክ ከሙቀት አርቀህ ለብቻው አስቀምጠው፣ እኔ ሳልመጣ አትነካካው። ለታተሙት ፎቶዎች 600 ዲፒአይ (ስካነሩ ላይ የሚመረጠው የጥራት ልክ ነው) ይበቃል። ትንንሾቹ ኔጌቲቮች 3000 ገደማ ይፈልጋሉ። በስልክ አንስቼ ልገላገል እንዳትል፤ ያ ታፔላ የሚነበበው በጥሩ ስካን ብቻ ነው።

እናትህ ደህና ናቸው አይደል? ከሁሉም በፊት እሳቸው ጋ ቁጭ በል። ስልክህን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርግና ፎቶውን አንድ በአንድ አሳያቸው። «ይሄ የት ነው?» ብለህ አትጀምር፤ ሰው እንደ ፈተና ሲጠየቅ ይደናገጣል። «ከዚህ ሱቅ ምን ትገዙ ነበር? በየት በኩል ነበር የምትገቡት? ማን ነበር የሚቆምበት?» በላቸው። ያኔ ስሙም፣ መንገዱም፣ ዓመቱም ራሱ ይመጣል። የልብስ ሰፊውን ነገር ደግሞ አደራ። እንደኔ እንደኔ ያላለቀው ሱሪ ባለቤት አባትህ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ስካነር አለኝ፣ ይዤ እመጣለሁ። በመጪው ቅዳሜ ቢሆን ይመቸኛል፤ ካልተመቸህ ቀኑን አንተ ቁረጥ። እስከዚያ ሳጥኑን ከወለል ላይ አንሳው፣ ፀሐይና እርጥበት ከሌለበት አስቀምጠው። ዕቃ የሚጭኑት ልጆች እንዳይወስዱት ደግሞ ላዩ ላይ በትልቁ «አይነካም» ብለህ ጻፍበት። እዚያ ላይ እስክሪብቶ ይፈቀዳል።

ያንተው የድሮ ጓደኛ