አያቱ ማነው በሉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው እያስበላ ነው። የዌብሳይት አድራሻ ጫፍ ላይ ስለሚመጣው ዶት ኮም፣ ዶት ኦርግ፣ ዶት ኢቲ ነው የማወራው።

ሰሞኑን ፒያሳ አንድ ኢንተርኔት ቤት አጠገቤ አንዲት ልጅ ዲቪ ታስሞላለች። ገጹ ላይ የአሜሪካ ባንዲራ አለ፣ ንስሩም አለ። አድራሻው ውስጥ «ጎቭ»፣ መንግሥት ለማለት፣ የሚል አለበት፣ ግን መሀል ላይ በሰረዝ ተያይዞ ነው፤ የሚያልቀው በዶት ኮም። ፎቶዋን እንደተቀበለ የባንክ ካርድ ቁጥር ጠየቃት። «እህቴ፣ ዝጊው» አልኳት። «ጎቭ ይላል እኮ!» አለኝ የሚሞላላት ልጅ።

ይላል። ግን አድራሻ ከኋላ ነው የሚነበበው። እንደ ስማችን አስቡት፦ ልጅ፣ አባት፣ አያት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዩኦጂ ዶት ኢዱ ዶት ኢቲ ነው። ኢቲ አያት ነው፣ ኢትዮጵያ ማለት፤ ኢዱ የትምህርት ተቋም መሆኑን ይናገራል፤ ዩኦጂ ልጅየው ነው። አያቱ ዶት ኮም ከሆነ ግን ከፊቱ ጎቭም ይደርደር ኤምባሲም፣ ባለቤቱ ከዶት ኮም ጎን ያለውን ስም የገዛው ሰው ነው፣ ያንን ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል። ከስላሽ (/) በኋላ ያለውንማ ተዉት፣ የፈለጉትን ይጽፉበታል።

ዶት ኦርግም ያው ነው። «ኦርግ ከሆነ የእርዳታ ድርጅት ነው» የሚል ሰው አያሌ ነው፤ ማን አጣርቶ ሰጠው? ዶት ጎቭ ጫፍ ላይ ሲመጣ ግን የአሜሪካ መንግሥት አካላት ብቻ ናቸው የሚይዙት። የዲቪው ትክክለኛ ገጽ የሚያልቀው በስቴት ዶት ጎቭ ነው። የእኛ መንግሥት ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ነው። ዶት ኢቲ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የኢትዮጵያ ሆኖ ተመዝግቧል፣ አሁን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። በላቲን ሁለት ፊደል ብቻ ያለው ጫፍ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የአገር ወይም የግዛት ነው፤ ዶት ቲቪ እንኳ የቴሌቪዥን ሳይሆን የቱቫሉ ነው፣ ፓስፊክ ውስጥ ያለች ሚጢጢ የደሴት አገር።

እናንተንም ልውቀሳችሁ። የሥራ ማስታወቂያ ስታወጡ «ዌብሳይታችንን ይጎብኙ» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። አድራሻውን እስከ ጫፉ አትሙት። ሰው ጉግል ላይ ስሙን ጽፎ ሲፈልግ ከላይ የሚመጣለት ለማስታወቂያ የከፈለ አጭበርባሪ ሊሆን ይችላል።

አንባቢያችሁ
ከማራኪ፣ ጎንደር