ለንባብ ክበባችን አባላት፦ የብሔር ጥያቄ ውይይታችን

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ የጀመርነው የብሔር ጥያቄ ውይይት ጊዜ ስላጠረን ሳይቋጭ ቀርቷልና በመጪው ቅዳሜ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ስታሊን እ.ኤ.አ. በ1913 ብሔርን ሲበይን የጋራ ቋንቋ፣ መልክዓ ምድር፣ የኢኮኖሚ ሕይወትና በባህል የሚገለጥ የሥነ ልቦና አንድነት ያለው፣ በታሪክ ሂደት የጸና ማኅበረሰብ ነው ብሏል። ይህንን በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ብሔርን ከሚበይነው አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ እንድታነቡ አደራ እላለሁ፤ ቋንቋው፣ መልክዓ ምድሩና ሥነ ልቦናው በሁለቱም ሲገኙ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት ግን በእኛው ውስጥ የለም። ይህ ጉድለት እኔን በብርቱ ያሳስበኛል። ሰኞ በወሎው ባቲ ገበያ ግመሉን ይዞ የወጣው አፋር፣ በኦሮምኛ የሚያዋውለው ደላላና እህል ጭኖ ከደጋ የወረደው አማራ በቋንቋ ቢለያዩም ኑሯቸው አንዱ በሌላው ላይ የቆመ ነው።

ሌኒን የብሔሮችን የመገንጠል መብት ሲደግፍ የፖላንድ ተወላጇ ሶሻሊስት ሮዛ ሉክሰምበርግ ተቃውማዋለች፤ የኦስትሪያው ሶሻሊስት ኦቶ ባወር በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1907 ብሔርን በጋራ ዕጣ የተሳሰረ ማኅበረሰብ አድርጎ ስላየው፣ ተቀላቅሎ ለሚኖረው የወሎ ሕዝብ የእርሱ ሐሳብ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። የወሎው ተወላጅ ዋለልኝ መኮንን ተማሪ ሳለ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያቀረበውን ጽሑፍም፣ ከውዳሴና ከውግዘት በፊት፣ ሁላችሁም አንብባችሁ ኑ።