እማዬ፣ ስልኩን ራስሽ አንሺው

እማዬ፣

መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየወሰድሽ ነው? የደም ግፊትሽንስ? እህቴ «ደህና ናት» ትለኛለች። እኔ ግን ካንቺ አፍ መስማት ነው የምፈልገው። ስትሮኩ ከመታሽ ወዲህ ስልኩን የምታነሳው እሷ ብቻ ናት።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ መስታወት ስር ትውላለች። ትልቁ 8 ዓመት ሞላው። የላክሽለት ሹራብ አጥሮታል።

ስለ እሱ ልጽፍልሽ ስንቴ ጀምሬ ተውኩት። ይንተባተባል፣ እማዬ። እንደ እኔ። በ4 ዓመቱ ነው የጀመረው። አብዛኞቹን ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ስለሚተዋቸው ጠበቅን። እሱን አልተወውም። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ በዘር ሊመጣ እንደሚችል፣ የወላጅ ጥፋት እንዳልሆነ ስትነግረኝ መጀመሪያ ትዝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።

የክፍሉ ልጆች ንግግሩን እያስመሰሉ ያሾፉበታል። አንድ ቀን መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እጄን አላወጣም» አለኝ። ሆዴ ተላወሰ።

የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ግጥም እንዳነብ ተመርጬ ነበር፤ ታስታውሻለሽ? አንድ ወር ሙሉ ብቻዬን ተለማመድኩ። ከዚያ አስተማሪዋን «ለሌላ ልጅ ስጪልኝ፣ እንዳይስቁባት» ስትያት ከበሩ ኋላ ቆሜ ሰማሁ። ልትከልይኝ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን የገባኝ እንዳፈርሽብኝ ነው። እንግዳ ስሜን ሲጠይቀኝም አንቺ ነበርሽ የምትመልሺው። ስሜን እንኳ ብናገር ምን ነበረበት? ግጥሙን እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ስለዚህ ልጄን ዝም በል አላልኩትም። ሲናገር ቃሉን አልጨርስለትም። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» ማለትም ትቻለሁ፤ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ እጠብቀዋለሁ። ሲያሾፉበት የሚለውን አብረን ተለማመድን፦ «እንተባተባለሁ። ጠብቀኝ፣ እጨርሰዋለሁ።» ከ100 ጎልማሶች አንዱ ገደማ እንደሚንተባተብ ነገርኩት። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ እየተንተባተበ በ1939 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለሕዝቡ በሬዲዮ መናገሩንም ነገርኩት። «ንጉሥም?» ብሎ ሦስቴ ጠየቀኝ።

መጀመሪያ ለልጆቹ የተናገረ ቀን «እንተባተባለሁ» የሚለው ቃል ራሱ ያዘው። ቆይቶ ጨረሰው። አንዱ ልጅ አሁንም አልተወውም፤ አስተማሪው እየተከታተለው ነው። ልጄ ግን እጁን ማውጣት ጀምሯል።

አሁን የፈራሁትን ልበል። ስልኩን ለምን እንደማታነሺ አውቃለሁ። ቃል ይጠፋብሻል፣ እህቴም ቶሎ ትሞላልሻለች። «እንዲህ ስናገር አይስሙኝ» ማለትሽን ነግራኛለች። ያን ቀን አለቀስኩ። እኔን እንደደበቅሽኝ ራስሽን እየደበቅሽ ነው። ጊዜያችን በዝምታ እንዳያልቅ እፈራለሁ።

የንግግር ልምምዱን አታቋርጪ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ይረዳሉ ይላሉ።

ልጄ «አያቴ ለምን አታናግረኝም?» ሲለኝ እውነቱን ነገርኩት። «ታዲያ እጠብቃታለኋ!» አለኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ ይደውላል። እህቴን ለጥቂት ደቂቃ ውጪልኝ በያት። እሱም ሲይዘው አትጨርሺለት፣ እሺ እማዬ?

ልጅሽ