በሺንጂ ጉዳይ ተረትቻለሁ

ቴድዬ፣

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ በካርቱን ሰበብ ብቅ ማለቴ ያስቅህ ይሆናል። መጀመሪያ ስንፍና ነበር። ቆይቶ ሀፍረት ሆነና መደወሉ እየከበደኝ ሄደ።

ያን የጃፓን የሮቦት ካርቱን፣ «ኢቫንጌሊየን»ን፣ እንደገና እያየሁት ነው። ትናንት ማታ 22ኛው ክፍል ላይ ደረስኩ። ያኔ መብራት ሄዶ በላፕቶፕ ባትሪ ያየነው ትዝ ይልሃል? የሮቦቱ የኤሌክትሪክ ገመድ ተበጥሶ 5 ደቂቃ ሲቀረው፣ እኛም ባትሪያችን ሊያልቅ ነበር። ለካ ጥንካሬው እዚያ ነው። የሌሎቹ ሮቦት እንዳሻው ይበራል፤ ይሄኛው ሶኬት ይፈልጋል። «መልአክ» ከሚሏቸው ጠላቶች አንዱን፣ ራሚኤልን፣ ለመምታት የመላ ጃፓንን መብራት ለአንድ ጠመንጃ ሲሰበስቡ፣ ከተሞቹ ሲጨልሙ፣ አሁንም ሰውነቴን ወረረኝ። (ስሙን ለእናቴ ብነግራት «ንግሡ መቼ ነው?» አለችኝ።)

ካርቱኑ ውስጥ በየቦታው የሚታየው መስቀል ግን አሳፈረኝ። ምስጢር እንፈታለን ብለን ስንት ሌሊት አደርን! ከሠሪዎቹ አንዱ፣ ካዙያ ፁሩማኪ፣ ከሌሎች የሮቦት ፊልሞች ለየት እንዲል ያስገባነው ነው ብሏል። በቃ፣ ጌጥ ነው። ካሜራው ሴቶቹ ልጆች ላይ የሚያፈጥበትን ነገርማ አሁን ማየት አልቻልኩም።

ወደ ሮቦቱ ነጂ፣ ወደ ሺንጂ፣ ልምጣ። «አልቃሻ» እያልኩ ስሰድበው አንተ ትሟገትለት ነበር። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 14 ሞላው። ካልሲውን የት እንዳወለቀ አያውቅም። ሺንጂም 14 ነው። አባቱ ለዓመታት ጥሎት ኖሮ የጠራው ናፍቆት ሳይሆን ሥራ ሲመጣ ነው። እምቢ ሲል ደግሞ የቆሰለች ልጅ በአልጋ እየገፉ አምጥተው ፊቱ ያቆሟታል፤ አንተ ካልሄድክ እሷ ትሂድ ነው ነገሩ። እኔ ብሆን ከእሱ ብሼ አለቅስ ነበር። ተረትቻለሁ።

በመጨረሻዎቹ ክፍሎች፣ በ25ኛውና በ26ኛው፣ ግን አልረታም። ያን ሁሉ ጦርነት አቁመው ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጠው ማናዘዝ፣ ጊዜም ገንዘብም ቢያጥር፣ እኔን አይዋጥልኝም። እ.ኤ.አ. በ1997 በፊልም ሌላ ፍጻሜ መሥራታቸው ራሱ ምን ይባላል?

ደብዳቤውን ያስጀመረኝ አሳንሰሩ ነው። ሁለቱ ሴት ነጂዎች፣ አሱካና ሬይ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ቆመዋል። አንዷም ቃል አትተነፍስም፤ ሥዕሉም አይንቀሳቀስም። ድሮ ኮምፒውተሩ ደረቀ ብለህ ኪቦርዱን መታኸው። ትናንት እኔ ራሴ አቆምኩትና ወረቀት ፈለግሁ።

አራት ክፍል ቀርቶኛል። እሑድ ና። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፤ ስለ መጨረሻው እዚያው እንጣላለን።

ያንተው፣
ዳዊት