ውሃው ሮቶ ውስጥ ሲቆይ

በአዲስ አበባ በፈረቃ ስለሚመጣው ውሃ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ስለ መጠኑ በቂ ተብሏል። ውሃው ጣሪያ ላይ ባለው ሮቶና በቧንቧው ውስጥ ሲቆይ ምን እንደሚሆን ግን አልተነሳም።

ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው የነበሩ ሰዎችን በከባድ የሳንባ ምች የጣለው እሱ ነው። ለብ ያለና የቆመ ውሃ ይመቸዋል። ብዙዎቻችን ውሃ አፍልተን ስለምንጠጣ የተጠበቅን ይመስለናል። ይህ ባክቴሪያ ግን በዋናነት የሚገባው ከሻወር የሚረጨውን ደቃቅ ብናኝ ስንተነፍስ ነው። አረጋውያን፣ አጫሾችና የሳንባ ሕመምተኞች የበለጠ ይጠቃሉ። እኔን የሚያሳስቡኝ ቤት የሚውሉት አዛውንቶች ናቸው።

ቦይለሩም አለ። መብራት ለመቆጠብ ሙቀቱን 40 ዲግሪ አካባቢ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ኑሮው ከባድ ነው። ነገር ግን ባክቴሪያው የሚራባው በዚያው ሙቀት ነው። ቦይለሩ ውስጥ ያለው ውሃ 60 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። ልጆች ባሉበት ቤት እንዳያቃጥል ቀዝቃዛ ውሃ ቀላቅሎ መጠቀም ነው።

የኮንዶሚኒየም ማኅበራት የጋራ ሮቶዎችን ቢያንስ በዓመት አንዴ አጥበው በክሎሪን እንዲያክሙ፣ ክዳናቸውንም እንዲያስገጥሙ እጠይቃለሁ። ቤቱን ዘግቶ የከረመ ሰውም ከመታጠቡ በፊት መስኮት ከፍቶ፣ ውሃው ብዙ ሳይረጭ ለጥቂት ደቂቃ ያፍስሰው።