አፍዴራ ጨው ብቻ አይደለም

ውድ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

አፋር ክልል ስላለው የአፍዴራ ሐይቅ ሲጻፍ ወሬው ሁሌ ጨው ነው። የኩንታሉ ዋጋ፣ አዮዲኑ፣ የአምራቹና የነጋዴው ጭቅጭቅ። መጻፉ ተገቢ ነው፣ እኔም እንጀራዬ ከዚያው ጨው ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ ጨው ሲቋረጥብን የደረሰልን አፍዴራ ነው። ግን ሐይቁ ዳር ስላሉት ፍል ውሃዎች አንድ መስመር እንኳ አንብቤ አላውቅም።

ሐይቁ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። ዝናብ እንደልብ በማይገኝበት፣ ፀሐዩ ድንጋይ በሚያግልበት ቦታ እንዴት ሳይደርቅ ኖረ? ከሥር ስለሚመጣለት ነው። መሬት ውስጥ የሰረገ ውሃ በስንጥቅ በስንጥቁ ተጉዞ፣ በእሳተ ገሞራው ሙቀት ግሎ፣ ሐይቁ ዳር ላይ ይፈልቃል።

በሐይቁና በነዚህ ምንጮች ውስጥ ዓለም ላይ ሌላ የትም የሌሉ ሁለት የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። አንዱ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ ይባላል፣ የቆሮሶ ዘመድ ነው። ሁለተኛዋ ጣት የማታህል ትንሽ ዓሣ ናት። በሳይንስ ስም የወጣላት ገና በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስሙን ካወጡላት ሁለት ተመራማሪዎች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ናቸው። የራሳችን ሰው ያስመዘገባትን ዓሣ ስንቶቻችን እናውቃታለን?

አመሻሽ ላይ ጨው ሲዝቁ የዋሉ ልጆች ወደ ፍል ውሃው ይወርዳሉ። እግራቸው በጨው ተሰነጣጥቋል። ሰውነታቸውን ይታጠባሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ አረፋው ዓሣዎቹ ወደሚርመሰመሱበት ጠርዝ ይፈሳል፣ የሻምፖው ላስቲክ ድንጋዩ ሥር ይቀራል። ልጆቹን አልወቅስም። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሙቀት ውስጥ የዋለ ሰው የት ይታጠብ? ውሃው ትንሽ ራቅ ብሎ በቧንቧ ቢወጣላቸውና ፍሳሹ ወደ ምንጩ እንዳይመለስ ቢደረግ ግን ለእነሱም ይሻላል። ከምንጮቹ ጥቂቶቹ ደግሞ ሰውም ሞተርም ሳይደርስባቸው ይቀመጡ።

ሳሙናው በዓይን ስለሚታይ ቀላል ነው። የሚያስፈራኝ የማይታየው ነው፤ ምንጭ በሩቅ በተቆፈረ ጉድጓድም ይደርቃል። ብዙ ሐበሻ ካለበት ላስ ቬጋስ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ርቆ፣ ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ዴቭልስ ሆል የሚባል ፍል ውሃ አለ። እዚያም ሌላ የትም የሌለች ትንሽ ዓሣ አለች። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢው ላይ ለእርሻ ውሃ በፓምፕ መሳብ ሲጀመር ውሃው እየወረደ ሄዶ ዓሣዋ የምትራባበት ጠፍጣፋ ድንጋይ በከፊል ተጋለጠ፣ ጉዳዩም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1976 እ.ኤ.አ. ፓምፑ እንዲገደብ ተወሰነ። ይህ ሊሆን የቻለው የውሃውን ከፍታ ይለኩ ስለነበር ነው። የለካ ሰው ባይኖር ምን ይዘው ይከራከሩ ነበር?

ጉድጓድ አይቆፈር አልልም። በድርቅ ፍየሉና ግመሉ ያለቀበትን አርብቶ አደር ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ግን ከመቆፈሩ በፊት ውሃው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ይጠና፣ ምንጮቹም በየጊዜው ይለኩ።

እናንተን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወደ አፍዴራ ጋዜጠኛ ስትልኩ ከጨው ማኅበራቱ ቢሮ ወጥቶ ምንጮቹ ድረስ ይሂድ። የሚመለከታቸውንም ይጠይቅልን፦ የነዚህን ፍል ውሃዎች መጠን የሚለካው ማነው? መቼ ተለካ? ስንት ሆነ? መልሱን እዚሁ ጋዜጣ ላይ አውጡት፣ እኔም እጠብቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
በአፍዴራ መስመር የምሠራ የጭነት መኪና ሹፌር